ከአባትሽ ቆዳ ምን ሊሠሩ ነው? ስለ ፓርኪንሰን፣ ስለ ጂን እና ስለ ስቴም ሴል የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ 52 ዓመቱ ነው። ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረን በ44 ዓመቱ ነበር። ጎንደር የነበረችው አያቴም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል። አሁን የሚታከምበት ሆስፒታል ለጥናት ከቆዳው ትንሽ እንዲሰጥ ጠየቀን። ‹ከቆዳው ስቴም ሴል እንሠራለን፣ ስቴም ሴሉን ነርቭ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ጂኑን እናጠናለን› አሉን። ምን ማለት ነው? አባቴን ያድነዋል? እኔ 26 ዓመቴ ነው፤ ወደ እኔስ ይተላለፋል? እንፈርም ወይስ ይቅርብን?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። የተጠየቃችሁት ሕክምና አይደለም፣ ጥናት ነው። ከአባትሽ ቆዳ የሚሠሩት ሴሎች ተመልሰው ወደ አባትሽ አይገቡም። ዛሬ የሚወስዱትን መድኃኒትም አይቀይሩም። እንዲህም ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ የምነግርሽን ነገሮች ጠይቃችሁ ልባችሁ ካረፈ፣ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፓርኪንሰንን የማጥናት ችግር የሚጀምረው ከቦታው ነው። በዚህ በሽታ የሚሞቱት ዶፓሚን የሚያመርቱ ነርቮች ናቸው፤ ዶፓሚን እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክል የአንጎል ኬሚካል ነው። ያሉት ደግሞ መሃል አንጎል ውስጥ፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባል ትንሽ ጠቆር ያለ ስፍራ ነው። ካንሰር ቢሆን ሐኪሙ ከዕጢው ቆንጥሮ ያያል። ከዚህ ስፍራ ግን በሕይወት ካለ ሰው ቆንጥሮ ማየት አይታሰብም። ሰው ካረፈ በኋላ አንጎሉ ቢመረመር ደግሞ እነዚያ ነርቮች አብዛኞቹ አልቀዋል። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንኳ ብዙዎቹ ሞተዋል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን ያየነው የበሽታውን መጨረሻ ነው። እንዴት እንደጀመረ ለማየት መንገድ አልነበረንም።

አይጥስ? አይጥ ብዙ አስተምሮናል፣ ግን እዚህ ላይ ያንሳል። ፓርኪን የሚባለው ጂን የተበላሸበት ሰው ገና በወጣትነቱ ይታመማል። ያንኑ ጂን ከአይጥ ላይ ሙሉ በሙሉ ብታጠፊው ግን የአይጡ ዶፓሚን ነርቮች ይኖራሉ እንጂ አይረግፉም። የሰው በሽታ ነውና የሰው ነርቭ ያስፈልጋል።

በሩን የከፈተው ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሺንያ ያማናካ ነው። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ላይ አንድ ነገር አሳየ። ለአካለ መጠን ከደረሰ ሰው ቆዳ ላይ የተወሰደ ሴል ውስጥ አራት ጂኖች ቢገቡ፣ ሴሉ ወደ ፅንስ ዘመኑ ይመለሳል፤ ስቴም ሴል ያሏችሁ ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ልብም፣ ጉበትም፣ ነርቭም እንዲሆን መምራት ይቻላል። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሴሉ ምንም ቢለወጥ ዲኤንኤው የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል። ከአባትሽ ቆዳ የተሠራ ነርቭ አባትሽን ያሳመመውን ጂን፣ ካለ፣ ይዞ ነው የሚወለደው።

አባትሽ ላይ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ክንዳቸው ላይ ማደንዘዣ ይወጋሉ፤ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የምትሰፋ ቁራጭ ቆዳ ትወሰዳለች። አንዳንድ ቦታ በቆዳ ፋንታ ደም ይወስዳሉ፤ ከደም ሴልም ይሠራል።

ረጅሙ ሥራ ያለው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ቁራጯ ተከታትፋ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ትቀመጣለች። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጠርዟ ረዘም ረዘም ያሉ ሴሎች እየተሳቡ ይወጣሉ። እነሱ ሲበዙ የያማናካ አራቱ ጂኖች ይገባባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባቸው ሴንዳይ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ከሰውየው ዲኤንኤ ጋር ስለማይቀላቀል፣ ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አዲሶቹ ስቴም ሴሎች ብቅ ይላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጠፍጣፋ፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ፣ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ስብስቦች ናቸው። የስብስቡ ጠርዝ ከተዝረከረከ ወይም መሃሉ ካበጠ፣ ሳይታዘዝ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ጀምሯል ማለት ነው። ያ ክፍል እየተጫረ ይጣላል።

የሚመገቡት ፈሳሽ ሮዝ ነው። ሴሎቹ በልተው አሲድ ሲያመርቱ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይዞራል። ጠዋት ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም ሴሎቹ በሙቀት የሚቆዩበትን ሣጥን፣ ከፍተሽ ቢጫ ካየሽ ርቧቸዋል። ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፤ የፋሲካ ዕለትም ቢሆን አንድ ሰው ሄዶ ይቀይርላቸዋል። ይህን የምነግርሽ፣ የሰጣችሁት ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ ተወርውሮ የሚቀር ነገር እንዳይመስልሽ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ስቴም ሴሎች በቁጥር እየበዙ ሲሄዱ ዲኤንኤያቸው ሊዛባ ይችላል። 20ኛው ክሮሞዞም (ከዲኤንኤ ጥቅሎች አንዱ) ላይ አንድ ቁራጭ የተደገመባቸው ሴሎች በተለይ ቶሎ ስለሚበዙ ሌሎቹን ይውጧቸዋል። ስለዚህ የክሮሞዞም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። ይህን ማድረጉን የማይነግረኝ ጥናት፣ የቱንም ያህል የሚያምር ሥዕል ይዞ ቢመጣ፣ ልቤ አይቀበለውም።

ስቴም ሴሉን ዶፓሚን ነርቭ ማድረግም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ አካባቢ ዶፓሚን የሚያመርቱ ነርቮች ይሠሩ ነበር፣ ግን ትክክለኛዎቹ የመሃል አንጎል ነርቮች አልነበሩም። በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ የሎሬንዝ ስቱደር ቡድን መንገዱን አስተካከለው። ፅንስ ውስጥ መሃል አንጎል ሲፈጠር የሚተላለፉትን መልእክቶች በቅደም ተከተላቸው ሳህኑ ላይ ደገሟቸው። እዚህ ላይ መጠን ወሳኝ ነው። አንደኛው ኬሚካል ሲያንስ ሴሎቹ ወደ ፊት አንጎል፣ ሲበዛ ወደ ኋላ አንጎል ይሄዳሉ። ነርቮቹ እስኪበስሉ ወራት ይፈጃሉ። ሁለት ወር ሙሉ የተያዙ ነርቮች አንድ ቀን ፈሳሽ ሲቀየርላቸው ከሳህኑ ተላቀው ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ያኔ ከሀ መጀመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይህን ያዢልኝ። የአባትሽ ነርቭ ተሠራ እንበል። አጠገቡ የአንድ ጤነኛ ሰው ነርቭ ተቀመጠ። ልዩነት ታየ። ልዩነቱን ያመጣው ፓርኪንሰን ነው? በዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሁለት ሰዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ የዲኤንኤ ፊደሎች ይለያያሉ። በብሪታንያ ከ301 ጤነኛ ሰዎች የተሠሩ 711 የስቴም ሴል መስመሮች ተጠንተው ውጤቱ በ2017 ወጥቶ ነበር። በሴሎቹ መካከል ከታየው ልዩነት፣ እንደሚለካው ነገር፣ ከ5 እስከ 46 በመቶ የሚሆነው የመጣው ሰዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ብቻ ነው። ማንም አልታመመም።

ጨው ወጥ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከሁለት ቤት ሁለት ወጥ አስመጥተሽ ብትቀምሺ አታውቂውም። ሽንኩርቱ ይለያል፣ በርበሬው ይለያል፣ የሠሪዋ እጅ ይለያል። አንዱን ድስት ለሁለት ከፍለሽ በአንዱ ላይ ብቻ ጨው ስትጨምሪ ነው ነገሩ የሚለየው።

በሴል ይህን ማድረግ የሚቻለው ጂንን በማረም ነው። የታማሚውን ስቴም ሴል ይወስዱና የተበላሸችዋን አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ያስተካክላሉ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ የታረመውም ያልታረመውም ጎን ለጎን ነርቭ ይደረጋሉ። አሁን ልዩነት ከታየ፣ ከዚያች ፊደል ሌላ የሚከሰስ የለም። በተቃራኒውም ይሠራል፤ የጤነኛ ሰው ሴል ላይ ያችን ስህተት ያስገባሉ። በቦስተን አካባቢ የሩዶልፍ ዬኒሽ ቡድን በ2011 ይህን ለፓርኪንሰን ሲሠራ መሣሪያው ከባድና ውድ ነበር። ከ2012 በኋላ ክሪስፐር የሚባለው ቀላል የጂን ማረሚያ መሣሪያ ሲመጣ ሥራው ለብዙ ላቦራቶሪ ተዳረሰ። ስለዚህ ሆስፒታሉን ስትጠይቂ «የታረመ ጥንድ ትሠራላችሁ?» በያቸው። መልሳቸው ብዙ ነገር ይነግርሻል።

ይህ መንገድ ምን አሳየን? ከአዮዋ አንድ ቤተሰብ ልጀምር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰዎች ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ይታመሙ ነበር። በ2003 ምክንያቱ ታወቀ። አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ከሁለቱ ጥንድ ክሮሞዞሞች በአንዱ ላይ ሦስት ሆኖ ተገኝቷል። ማንኛውም ሰው ሁለት ቅጂ ሲኖረው እነሱ አራት አላቸው። ጂኑ ራሱ አልተበላሸም፤ በዝቶ ነው የጎዳቸው። አልፋ ሲኑክሊን በፓርኪንሰን ሕሙማን ነርቭ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘው ፕሮቲን ነው። በ2011 ከዚህ ቤተሰብ አባል ቆዳ ነርቭ ተሠራ። ነርቮቹ ካልታመመ የቅርብ ዘመድ ነርቮች ጋር ሲነጻጸሩ የፕሮቲኑ መጠን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በወረቀት ላይ የተሰላው ነገር በሕይወት ባለ ሰው ነርቭ ውስጥ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ግን እንዲህ ያለ ቤተሰብ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ከ100 የፓርኪንሰን ሕሙማን በአንድ ጂን ስህተት የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። የቀሩት ላይ የሚሠራው የብዙ ትንንሽ ልዩነቶች ክምችት ነው፤ ዕድሜና አካባቢም ይጨመሩበታል። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት 90 እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ቆጥሯል። ችግሩ፣ አብዛኞቹ ያሉት ከጂኖቹ ውጭ፣ ፕሮቲን በማይሠራው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው። ምን እንደሚሠሩ በስታቲስቲክስ ብቻ አይታወቅም። የዬኒሽ ቡድን በ2016 ከነዚህ አንዷን መረጠ። አልፋ ሲኑክሊን ጂን አጠገብ ያለች፣ ብዙ ሰው የሚይዛት ፊደል ናት። በክሪስፐር ወዲያና ወዲህ ቀያየሯት። ነርቩ የሚያመርተው የፕሮቲኑ መጠን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አለ። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። በ60 እና በ70 ዓመት ውስጥ ሲጠራቀም ግን ትንሽ አይደለም። እኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ይህን ሥራ የማስበልጠው፣ ለብዙኃኑ ታማሚ በር ስለከፈተ ነው።

ኤልአርአርኬ2 የሚባለውን ጂን ሐኪሞቹ ምናልባት ሳይነግሯችሁ አይቀሩም። በፓርኪንሰን ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ስህተቶች አንዱ ጂ2019ኤስ የሚባለው ሲሆን የሚገኘው እዚህ ጂን ላይ ነው። በሰሜን አፍሪካ ዓረቦችና በርበሮች ዘንድ ከፓርኪንሰን ሕሙማን ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ይህ ስህተት አለባቸው። አሽከናዚ በሚባሉት የአውሮፓ አይሁዶች ዘንድም ብዙ ነው። በ2013 የጀርመን ተመራማሪዎች ከእንዲህ ያሉ ታማሚዎች በተሠራ ነርቭ ላይ ቅርንጫፎቹ ማጠራቸውን አዩ። ያችን ስህተት ሲያርሟት ቅርንጫፎቹ አደጉ። ጂኑ የሚያሠራው ኢንዛይም (ሴል ውስጥ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከመጠን በላይ ስለሚሠራ፣ እሱን የሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶች ዛሬ በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው።

ሦስተኛው ጂቢኤ1 ነው። ይህ ጂን ላይሶዞም ውስጥ፣ ማለትም ሴሉ አሮጌ ነገሮቹን በሚፈጭበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ኢንዛይም ያሠራል። ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ጎሸር የሚባል የልጆችና የአዋቂዎች በሽታ ያመጣል። አንዱ ብቻ ሲበላሽ ደግሞ የፓርኪንሰን አደጋን ይጨምራል። በ2011 ከጎሸር ሕሙማን በተሠራ ነርቭ ላይ ክፉ አዙሪት ታየ፦ ኢንዛይሙ ሲያንስ አልፋ ሲኑክሊን ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመው ደግሞ ኢንዛይሙን ወደ ቦታው እንዳይደርስ ያግደዋል።

በ2014 በዚሁ ጂን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ሁልጊዜ ከአእምሮዬ አይጠፋም። አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ያላቸው መንትዮች ናቸው። ሁለቱም የጂቢኤ1 ስህተት አላቸው። አንደኛው ፓርኪንሰን ይዞታል፣ ሌላው አልያዘውም። ከሁለቱም ነርቭ ተሠራ። የሁለቱም ኢንዛይም በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የታመመው ነርቮች ግን ያመረቱት ዶፓሚን ያነሰ ነበር፤ ዶፓሚንን የሚሰብረው ኢንዛይምም በዝቶባቸዋል። ጂን ብዙ ነገር ይወስናል፣ ሁሉን ግን አይወስንም። ይህን ስለራስሽ ስትጠይቂኝ እመለስበታለሁ።

አይጥ ያንሳል ያልኩሽም በ2017 በግልጽ ታይቷል። ዲጄ1 የሚባለው ጂን በተበላሸበት የሰው ነርቭ ውስጥ ዶፓሚኑ ራሱ እየተበላሸ ጠቆር ያለ ነገር ይጠራቀማል፣ ላይሶዞሙም ይደክማል። በተመሳሳይ ሁኔታ በተያዘ የአይጥ ነርቭ ውስጥ ይህ አልታየም።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ትልቁ ዕድሜ ነው። የ52 ዓመቱ አባትሽ ሴል ወደ ስቴም ሴል ሲመለስ ዕድሜውም አብሮ ይፋቃል። ከሱ የሚሠራው ነርቭ እንደ ፅንስ ነርቭ ልጅ ነው። ፓርኪንሰን ደግሞ የዕድሜ በሽታ ነው። ተመራማሪዎች ነርቩን በኬሚካል ያስጨንቁታል፤ በ2013 ደግሞ ልጆችን ያለጊዜያቸው የሚያስረጀውን ፕሮቲን አስገብተው ለማስረጀት ሞክረዋል። ይረዳል፣ ግን እውነተኛ 50 ዓመት አይሆንም። ሌላው፣ ሳህን ላይ ያለ ነርቭ ብቻውን ነው። አንጎል ውስጥ የሚከቡት ሌሎች ሴሎች፣ ደም ሥር፣ የሰውነት መከላከያ የሉም። ሦስተኛው ቁጥር ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥናቶች የተሠሩት ከሁለት ወይም ከሦስት ታማሚ ነበር። ከዚያ የሚወጣ ድምዳሜ በቀላሉ ይናዳል። አሁን ግን 95 የስቴም ሴል መስመሮችን አንድ ላይ የሚያጠኑ ፕሮጀክቶች መጥተዋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን እኔም እምነቴ ይጨምራል።

እስካሁን የነገርኩሽን ቤተሰቦችና ጥናቶች ልብ ካልሽ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሰዎች ናቸው። አባትሽ ቢሰጡ ደስ ይለኛል ያልኩሽ በዚህ ምክንያት ነው። በ2023 የናይጄሪያ፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ውጤት አወጡ፤ ከመሪዎቹ አንዷ የሌጎስ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ንጂዴካ ኦኩባዴጆ ናቸው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን 1,488 ሕሙማን ዲኤንኤ ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ጂቢኤ1 ላይ አዲስ ልዩነት አገኙ። አንድ ቅጂ ያለው ሰው አደጋው 1.5 ጊዜ ገደማ፣ ሁለት ቅጂ ያለው ደግሞ 3.5 ጊዜ ገደማ ይጨምራል። አውሮፓውያን ላይ ይህ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜ ልክ አውሮፓውያንን ብቻ ብናጠና ኖሮ አናገኘውም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የሴል ሥራ ነው። ልዩነቱ ፕሮቲኑን አይቀይርም፤ ታዲያ እንዴት ይጎዳል? በ2024 ተሸካሚዎቹ በሰጡት ሴል ላይ መልሱ ተገኘ። ሴሉ የጂኑን መልእክት ሲያዘጋጅ ቆርጦ መጣል ያለበትን ክፍል ሳይቆርጥ ይተወዋል፣ ስለዚህ የሚሠራው ኢንዛይም ያንሳል። የታወቁት የአውሮፓ ስህተቶች በሌላ መንገድ ነው የሚጎዱት። ለአንዱ የሚሠራ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለን። በዘረመላችን ውስጥ ጥንታዊ አፍሪካዊ ሐረግና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ሐረግ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ የናይጄሪያውም፣ የአውሮፓውም ውጤት እንዳለ ለእኛ አይገለበጥም። የአንድ ሰው ናሙና ይህን ክፍተት አይሞላም። ግን ስቴም ሴል አንዴ ከተሠራ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም ይካፈሉታል። አንድ ሰው ከዜሮ ይሻላል።

አሁን ጥያቄዎችሽ። አባትሽን ያድናቸዋል? ይህ ጥናት አያድናቸውም። ምናልባት ግራ የሚያጋባሽ፣ ስቴም ሴልን አንጎል ውስጥ መትከል የሚባል ሌላ ሥራ መኖሩ ነው። በ2025 የኪዮቶ ተመራማሪዎች 7 ታማሚዎች ላይ ያደረጉትን አውጥተዋል። ሴሎቹ የተሠሩት ከታማሚዎቹ ሳይሆን ከጤነኛ ለጋሽ ነው። ከራስ ቆዳ ተሠርቶ የተተከለለት አንድ አሜሪካዊም በ2020 ተዘግቧል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ገና ሙከራ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «በስቴም ሴል ፓርኪንሰን እናድናለን» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ፣ የትም አገር ይሁን፣ አደራ ራቁ። እውነተኛ ሙከራ ታማሚውን አያስከፍልም።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። አምብሮክሶል የሚባል የሳል መድኃኒት አለ። ከጂቢኤ1 ተሸካሚዎች ቆዳ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ኢንዛይሙን ከፍ ስላደረገ በሰው ላይ ተሞክሮ፣ ወደ አንጎል ፈሳሽ እንደሚደርስ በ2020 ታይቷል። አሁን በብሪታንያ ትልቅ ሙከራ ላይ ነው። ይህን ሰምተው ገዝተው የሚወስዱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ሙከራው ላይ የተሰጠው መጠን በቀን 1.26 ግራም ነበር፤ ለሳል ከሚወሰደው ብዙ እጥፍ ነው። መጥቀሙም ገና አልተረጋገጠም።

ወደ አንቺ ይተላለፋል ወይ ላልሽው፣ በመጀመሪያ የአያትሽን ነገር እንደ ማስረጃ ብዙ አትደገፊበት። የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም። ኢሴንሻል ትሬመር የሚባለው ሌላ ሕመም ከፓርኪንሰን ይበልጥ የተለመደ ነው፣ በዘርም ይሄዳል። የአባትሽ 44 ዓመት ግን ቀደም ያለ ስለሆነ የጂን ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ውጤቱ ፓርኪን ላይ ስህተት ካሳየ፣ ለመታመም ሁለቱም ቅጂ መበላሸት ስላለበት አንቺ ከአባትሽ የምትወስጂው አንዱን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ አያሳምምም። ኤልአርአርኬ2 ከሆነ የመውረስ ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የወረሱትም ቢሆን ብዙዎቹ ሳይታመሙ ያረጃሉ። ጂቢኤ1 የያዙ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ፓርኪንሰን አይዛቸውም። መንትዮቹን አስታውሺ። ምንም ላይገኝም ይችላል፤ ለብዙ ቤተሰብ መልሱ ያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፓርኪንሰንስ ፋውንዴሽን ለሕሙማን የጂን ምርመራ ከባለሙያ ምክር ጋር በነፃ የሚሰጥበት ፒዲ ጄኔሬሽን የተባለ ጥናት አለው። አባትሽ ይጠይቁ። አንቺ ራስሽ ከመመርመርሽ በፊት ግን ስለ ኢንሹራንስ እወቂ። የ2008ቱ የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በጂንሽ ምክንያት እንዳያገሉሽ ይከላከላል። የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ይህ ነው። ናሙናው ከሆስፒታሉ ውጭ ለማን ይሰጣል? ለመድኃኒት ኩባንያስ? ስማቸው ተነሥቶ በቁጥር ይተካል ወይ፣ ቁጥሩን ከስማቸው ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ማን ዘንድ ነው? ሙሉ ዲኤንኤው ከተነበበ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር ሲገኝ ይነግሯችኋል ወይ? መስማት ካልፈለጋችሁስ? ከሴሎቹ ትርፍ የሚያመጣ ነገር ቢሠራ እናንተ ድርሻ አላችሁ? ብዙ ጊዜ የለም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። አባትሽ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ናሙና ይጠፋል፣ ቀድሞ ለሌላ ላቦራቶሪ የተላከውና የታተመው ውጤት ግን አይመለስም።

ፎርሙን አንቺ ብቻ አንብበሽ «እዚህ ጋ ፈርም» እንዳትያቸው። ሴሉ የሳቸው ነው። የአሜሪካ የምርምር ደንብ ማብራሪያው ለተጠያቂው በሚገባው ቋንቋ እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ አማርኛ የሚያስተረጉም ባለሙያ እንዲመደብላቸው ጠይቂ፤ መጠየቅ መብት ነው። ፎርሙንም ወደ ቤት ወስዳችሁ፣ እሳቸው በተረጋጉበትና መድኃኒታቸው በደንብ በሚሠራበት ሰዓት አንብቡት። የሚከብድ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ስማቸውን አጥፍታችሁ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።